ከሰልፍ የተመለሰው ልጅ፡- ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ)

በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 624) በረመዷን ወር ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ በድር ለመውጣት በተነሡ ጊዜ ከታላላቆቻቸው ጋር ለመሰለፍ የመጡ የመዲና ልጆች ነበሩ። ነቢዩ ሰልፉን ሲመለከቱ እድሜያቸው ያልደረሰውን ለይተው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። ከተመለሱት አንዱ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) ነበር። እንዲመለስ ከታዘዙት መካከል የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ታናሽ ወንድም ዑመይርም ይገኝበት ነበር። ዑመይር ግን አለቀሰ፤ ነቢዩም ልቅሶውን አይተው ፈቀዱለት። ሰውነቱ ትንሽ ስለነበር የሰይፉን ማንገቻ ቋጥሮ ያሰረለት ወንድሙ ሰዕድ ነበር ይባላል። ዑመይር በድር ላይ ሸሂድ ሆነ። ዘይድ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ውድ አንባቢያን! የሶሓቦች ታሪክ በየመስጂዳችንና በየመድረሳችን በሚነገርበት ጊዜ ጎልተው የሚወጡት የኻሊድ ሰይፍ፣ የዑመር ፍትሕ፣ የቢላል ትዕግሥት ናቸው። ይህ ተገቢ ነው። ዘይድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁርኣንን የሰበሰበው ሶሓባ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የዘይድ ሕይወት ዛሬ በየከተማው ያለውን ወጣት በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለበት። ምክንያቱም በዚህ ዘመን ውድድር የሌለበት በር የለም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ውድድር ነው፤ ሥራ ለማግኘት ውድድር ነው፤ ሱቅ ለመክፈት ውድድር ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በጀመዓ ሥራ ውስጥ እንኳ ማን ከፊት ይቀመጥ፣ ማን መድረኩን ይያዝ የሚለው ፉክክር የሌለበት ቦታ ጥቂት ነው። የተመለሰው ወጣት በደጅ ቀርቶ ይተክዛል። የተጠራውም ቢሆን ከኋላው የቀሩትን ታላላቆቹን ዓይን መሸከም አለበት። ዘይድ በሁለቱም በኩል አልፏል። መጀመሪያ ተመላሽ ነበር፤ ኋላ ግን ከሱ የሚበልጡ ሰዎች ባሉበት ተጠራ። እንደኔ አመለካከት ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀለለ አልነበረም።

ዘይድ ከኸዝረጅ ጎሣ፣ ከበኒ ነጃር ወገን ነው። አባቱ ሳቢት ከሒጅራ በፊት አውስና ኸዝረጅ በተፋለሙበት በቡዓስ ጦርነት ሲገደል ዘይድ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። በዚያን ጊዜ አረቢያ አባት የሌለው ልጅ ማለት ወደፊት የሚያስተዋውቀውና የሚደግፈው የሌለው ማለት ነው። ያሳደገችው እናቱ ነዋር ቢንት ማሊክ ናት። ቤቷ በመስጂደ ነበዊ አካባቢ ካሉት ቤቶች ሁሉ ከፍ ያለ ስለነበር መስጂዱ እስኪሠራ ድረስ የአገራችን ልጅ የነበረው ቢላል (ረ.ዐ) አዛን የሚያደርገው እዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንደነበር ይዘገባል። ነቢዩ መዲና ሲገቡ ዘይድ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ዘመዶቹ ወደ ነቢዩ አቀረቡትና ይህ የበኒ ነጃር ልጅ ከወረደው ቁርኣን አሥራ ሰባት ሱራዎችን በቃሉ መያዙን ነገሯቸው። ልጁም ቀራላቸው። ነቢዩም ተደሰቱበት። እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ ከበድር ሰልፍ የተመለሰው ይህ ልጅ ነው። የሚያውቁት፣ የወደዱት ልጅ ነው፤ ሆኖም መለሱት።

በድር ግን ዘይድን በሌላ መንገድ ጠቀመችው። ከቁረይሽ ምርኮኞች መካከል ለቤዛ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችል ካለ አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምሮ ነፃ እንዲወጣ ተወሰነ። በዚያ ዘመን መዲና ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከነዚያ ምርኮኞች ጽሕፈት ከተማሩት የአንሷር ልጆች አንዱ ዘይድ እንደነበር በታሪክ መጻሕፍት ሰፍሯል። ታላላቆቹ ከበድር በድል ተመለሱ፤ የቀረው ልጅ ደግሞ ከበድር ምርኮኛ ፊት ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። በጊዜው ይህን እንደ ትልቅ ነገር የቆጠረው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት የኡሑድ ዘመቻ መጣ። ያን ቀንም ልጆች መጡ፤ ያን ቀንም ተመለሱ። ከተመለሱት መካከል ዘይድ፣ የዑመር ልጅ ዓብደላህና ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ይገኙበታል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ራፊዕ ኢብኑ ኸዲጅ የተባለው ልጅ ቀስት ወርዋሪ መሆኑ ሲነገር ተፈቀደለት። ይህን ያየው ሰሙራ ኢብኑ ጁንዱብ ራፊዕን በትግል እንደሚጥለው ተናገረ። ታግለው ሰሙራ ስለጣለው እሱም ገባ። ሁለቱም የዘይድ እኩዮች ናቸው። አንዱ በቀስቱ፣ ሌላው በጉልበቱ ቦታ አገኘ። ዘይድ በዚያ ቀን የሚያሳየው ቀስትም ጉልበትም አልነበረውም። ያለው ነገር ንባብና ጽሕፈት ነው፤ እሱ ደግሞ በጦር ሰልፍ ላይ አይጠየቅም።

በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ (627) በኸንደቅ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ስለሞላው ተፈቀደለት። መቼም ለሁለት ጊዜ የተመለሰ ልጅ በመጀመሪያ ዘመቻው ጀግንነት ይሠራል ብለን እንጠብቃለን። የደረሰው ግን ሌላ ነው። ዘይድ ከቦዩ አፈር ሲያወጣ ውሎ ደከመውና እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። ዑማራ ኢብኑ ሐዝም የተባለ የዚያው የበኒ ነጃር ሰው ለቀልድ መሣሪያውን ወሰደበት። ልጁ ሲነቃ መሣሪያው የለም፤ ደነገጠ። ነገሩ ነቢዩ ዘንድ ደረሰ። ነቢዩም ዘይድን የእንቅልፍ አባት በሚል ቅጽል ቀለድ አድርገው ጠሩት፤ መሣሪያው እንዲመለስለት አደረጉ፤ ሙስሊምን ማስደንገጥና ንብረቱን ለቀልድም ቢሆን መውሰድ እንደማይገባም ከለከሉ። አንባቢ የዚህን የዑማራን ስም ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘይድ የሚፈለግበት ቦታ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ነቢዩ ከአይሁድ ጋር በሚጻጻፉበት ጊዜ የሚነበብላቸውና የሚጻፍላቸው በነሱው ሰዎች በኩል ስለነበር በዚህ አልተማመኑም። ስለሆነም ዘይድ ጽሕፈታቸውን እንዲማር አዘዙት። በግማሽ ወር ውስጥ ተማረው፤ ከዚያ በኋላ ለነሱ የሚላከውን የሚጽፍ፣ ከነሱ የሚመጣውን የሚያነብ እሱ ሆነ። ሱርያንኛንም በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ መማሩ ተዘግቧል። ሌላ ሰው ለውጊያ የሚሰለጥንበትን ጊዜ እሱ የባዕድ ፊደል በማጥናት አሳለፈ። ይህም የታዘዘበት ሥራ ነው። ለሠራዊቱ ቀስት ወርዋሪ ሞልቷል፤ ይህን የሚሠራ ግን አልነበረም።

ከዚያም የወሕይ ጸሐፊ ሆነ። ወሕይ ከጻፉት ሶሓቦች ውስጥ እሱ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን የነቢዩ ጎረቤት ስለነበር ወሕይ በወረደ ጊዜ ይልኩበታል፣ እሱም መጥቶ ይጽፋል። ይጻፍ የነበረው በቆዳ፣ በተምር ዝንጣፊ፣ በስስ ድንጋይና በእንስሳት የትከሻ አጥንት ላይ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ዘይድ ራሱ ካስተላለፋቸው ዘገባዎች አንዱ ከያዝነው ርእስ ጋር እጅግ የተያያዘ ነው። ከአን-ኒሳእ ሱራ 95ኛው አንቀጽ ሲወርድ ዘይድ ከነቢዩ ጎን ተቀምጦ ነበር። አንቀጹ በአላህ መንገድ በገንዘባቸውና በነፍሳቸው የሚታገሉት ቤታቸው ከተቀመጡት ጋር እኩል እንዳልሆኑ የሚናገር ነው። ዘይድ ይህንን በአጥንት ላይ እየጻፈ ሳለ ዓይነ ስውሩ ሶሓባ ዓብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም መጣ። የሰማውን ሰምቶ፣ መታገል ቢችል ኖሮ ይታገል እንደነበረ፣ እሱን ለመሰለ ሰው ታዲያ ምን እንደሚባል ለነቢዩ አመለከተ። ያኔ ወሕይ እንደገና ወረደ። የነቢዩ ጭን በዘይድ ጭን ላይ አርፎ ስለነበር ክብደቱ የዘይድን እግር ሊሰብረው እንደደረሰ ሆኖ ተሰማው። ወሕዩ ሲያበቃ የወረደው ጉዳት ያለባቸውን ለይቶ የሚያወጣ አጭር ሐረግ ነው። ዘይድም በቦታው አስገብቶ ጻፈው። ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺ ሐረግ የተጻፈችበት ቦታ በአጥንቱ ስንጥቅ አጠገብ መሆኗ ፊት ለፊቱ እንደሚታየው ይናገር ነበር።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እናስበው። አንቀጹ ሰዎች ሁሉ በደረጃ እኩል ናቸው አላለም። የሚታገልና የሚቀመጥ እኩል አይደለም፤ ይህ አልተሻረም። ነገር ግን ልቡ ፈልጎ አካሉ ያልፈቀደለት ሰው ጥያቄውን አንሥቶ መልስ ከሰማይ መጣለት። ይህን በእጁ የጻፈው ደግሞ በእድሜው ምክንያት ሁለት ጊዜ ከሰልፍ የተመለሰው ወጣት ነው። ዘይድ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማው አልነገረንም። የነገረን የነቢዩ ጭን ክብደትና የአጥንቱ ስንጥቅ ነው።

ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን እያንዳንዱን በበረታበት ነገር ያነሡበት አንድ የታወቀ ሐዲስ አለ። በርኅራኄ አቡበክርን፣ በአላህ ጉዳይ በጽናት ዑመርን፣ በሐያእ ዑስማንን፣ ሐላልና ሐራምን በማወቅ ሙዓዝን፣ በቁርኣን አቀራር ኡበይን፣ በውርስ ሕግ ደግሞ ዘይድን ጠቅሰዋል። ልብ በሉ፤ ዘይድ በቁርኣን አልተጠቀሰም። በዚያ ኡበይ ይበልጠዋል። እንዲያውም ቁርኣንን ከአራት ሰዎች እንዲወስዱ ነቢዩ ሲመክሩ የጠሯቸው ኢብኑ መስዑድ፣ ሳሊም፣ ሙዓዝና ኡበይ ናቸው፤ የዘይድ ስም በዚያ ውስጥ የለም። ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ኋላ የመጣው ነገር የሚከብደው በዚህ የተነሣ ነውና።

በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ (630) በተቡክ ዘመቻ የበኒ ማሊክ ኢብኑ ነጃር ሰንደቅ የተሰጠው ለዑማራ ኢብኑ ሐዝም ነበር፤ ያ በኸንደቅ የተኛውን ልጅ መሣሪያ የወሰደው ሰው ማለት ነው። ኋላ ነቢዩ ሰንደቁን ከዑማራ ወስደው ለዘይድ ሰጡት። ዑማራ ደንግጦ ስለሱ የደረሳቸው ክፉ ነገር ካለ ጠየቃቸው። ነቢዩም ምንም እንደሌለ፣ ነገር ግን ቁርኣን እንደሚቀድምና ዘይድ ከሱ የበለጠ ቁርኣን እንደያዘ አስረዱት። ዑማራ በዕድሜ ታላቁ፣ ከበድር ተካፋዮችም አንዱ ነው። ሰንደቁ ከእጁ ሲወጣ በርግጥ ይሰማዋል፤ ጥያቄውም ይህን ያሳያል። ነገር ግን ጥያቄውን በግልጽ ጠየቀ፤ ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ ተነገረው። ዛሬ በየማኅበሩ ሰው ከኃላፊነት ሲነሣ ምክንያቱን የሚነግረው አያገኝም፤ ተነሺውም አይጠይቅም፤ ይልቁንም በየቡና ቤቱ ያወራል። ልዩነቱ ይታያችሁ።

ነቢዩ በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ (632) ሲያርፉ አንሷሮች በሰቂፋ ተሰበሰቡ። ለመሪነት የታሰበው የኸዝረጁ አለቃ ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ፣ የዘይድ የራሱ ጎሣ ሰው ነበር። በዚያ ትልቅ ክርክር መካከል ሀያ አንድ ወይም ሀያ ሁለት ዓመት የሆነው ዘይድ ተነሥቶ ተናገረ። ሐሳቡም ነቢዩ ከሙሃጅሮች ስለነበሩ መሪውም ከሙሃጅሮች እንዲሆን፣ እነሱም የነቢዩ ረዳቶች እንደነበሩ ለመሪውም ረዳት እንዲሆኑ ነው። አቡበክር (ረ.ዐ) ንግግሩን አመሰገኑለት። ይህን የሚሰማ የዘመናችን ሰው ወገኑን ከሥልጣን አራቀ ሊል ይችላል። ነገር ግን አንሷር የሚለው ስም ራሱ ረዳቶች ማለት ነው። ዘይድ የጠየቀው በዚሁ ስማቸው እንዲጸኑ ነው።

ከዚያ በ12ኛው ዓመተ ሒጅራ (633) የየማማ ጦርነት ሆነ። ብዙ የቁርኣን ሓፊዞች አለቁበት፤ ነቢዩ ከጠቀሷቸው አራቱ አንዱ የሆነው ሳሊምም በዚያ ተሰዋ። ዑመር (ረ.ዐ) ሰጉና ቁርኣን በአንድ ላይ ተጽፎ እንዲሰበሰብ ለኸሊፋው አቡበክር ሐሳብ አቀረቡ። አቡበክር ነቢዩ ያልሠሩትን ሥራ እንዴት እሠራለሁ ብለው መጀመሪያ አመነቱ፤ ኋላ ልባቸው ተከፈተ። ዘይድንም አስጠሩት። ወጣት መሆኑን፣ አስተዋይ መሆኑን፣ በምንም ነገር የማይጠረጠር መሆኑን፣ ለነቢዩ ወሕይ ይጽፍ የነበረ መሆኑን ጠቅሰው ሥራውን ሰጡት። በድር ላይ ያስመለሰው ወጣትነቱ አሁን ለሥራው ከታጨባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ዘይድ አልተደሰተም። ከተራራዎች አንዱን ከቦታው እንዲያነሣ ቢታዘዝ ከዚህ ይልቅ እንደሚቀለው ተናግሯል። አቡበክርን ያነጋገራቸውም እሳቸው ዑመርን በጠየቁት ዓይነት ጥያቄ ነው። እስኪያምን ድረስ ተከራከረ፤ ሲያምን ሥራውን ጀመረ።

አሠራሩ የሚደነቅ ነው። ዘይድ ራሱ ሓፊዝ ነው፤ በቃሉ የያዘውን ቁጭ ብሎ ሊጽፍ ይችል ነበር። እንደዚያ አላደረገም። ከተምር ዝንጣፊው፣ ከድንጋዩ፣ ከሰዎች ልብ እየፈለገ ሰበሰበ። የተጻፈ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ሁለት ምስክር እንዲያቀርብ ይጠየቅ እንደነበር፣ ዘይድና ዑመርም በመስጂዱ በር ተቀምጠው ይቀበሉ እንደነበር ተዘግቧል። የአት-ተውባ ሱራ መጨረሻ ላይ ያለውን ዘይድ ያውቀዋል፤ በጽሑፍ ግን አጣው። እስኪያገኘው ድረስ ፈለገ፤ በመጨረሻም ከአቡ ኹዘይማ አል-አንሷሪ ዘንድ ተገኘ። የራሱን እውቀት በራሱ ላይ ማስረጃ አምጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚገኘው። የተሰበሰበው ጽሑፍ አቡበክር ዘንድ፣ ቀጥሎ ዑመር ዘንድ፣ ከዚያም ልጃቸው የምእመናን እናት ሐፍሳ (ረ.ዐ) ዘንድ ተቀመጠ።

በነገራችን ላይ ሱዩጢ አል-ኢትቃን በተባለው መጽሐፋቸው ካሰፈሯቸው ዘገባዎች አንዱ የተሰበሰበው ቁርኣን ምን ተብሎ ይጠራ በሚባልበት ጊዜ ሐበሾች እንዲህ ያለውን ሙስሐፍ ይሉታል ተብሎ ይህ ስም እንደተመረጠ ይገልጻል። ቃሉ ከግእዙ መጽሐፍ ጋር ያለው ዝምድና ለኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በዑመር ዘመን ዘይድ መዲና ውስጥ ቀረ። ሌሎች ታላላቅ ሶሓቦች ወደ ኢራቅና ወደ ሻም ሲወጡ፣ አገር ሲከፍቱና ሲሾሙ ዑመር እሱን ለቀው አልሰጡም። በፍርድ፣ በፈትዋና በውርስ ጉዳይ ሰው ያስፈልጋቸዋልና። ለሐጅ ሲወጡም መዲና ላይ ይወክሉት ነበር። እዚህ ላይ ስለዘይድ አንድ ደካማ ጎን የምታሳይ ታሪክ አለች። ዑመርና ኡበይ ኢብኑ ከዕብ በአንድ ጉዳይ ተከራክረው ዘይድ እንዲፈርድ ተስማሙና ወደ ቤቱ ሄዱ። ዘይድ ለኸሊፋው ከምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀላቸው። ዑመር ይህ የመጀመሪያው አድልዎ መሆኑን ነግረውት ከባላጋራቸው ጎን ተቀመጡ። መሐላው በዑመር ላይ ሲወድቅም ዘይድ ኡበይን ለአማኞች መሪ መሐላውን እንዲተውላቸው ጠየቀው። ዑመር ማሉ፤ ኸሊፋውና ተራው ሙስሊም እሱ ፊት እኩል እስኪሆኑ ድረስ ዘይድ ለዳኝነት እንደማይበቃም ተናገሩ። ሆኖም ከሥራው አላባረሩትም። ጸሐፊ በነበረበት ቦታ ለትልቅ ሰው መነሣት አደብ ነው፤ በዳኛ ወንበር ላይ ግን ያው አደብ በደል ይሆናል። አንድ ሰው ቦታው ሲለወጥ ጠባዩንም አብሮ መለወጥ እንዳለበት ዘይድ ከምንጣፉ ላይ ተማረ።

አሁን ወደ ከባዱ ታሪክ እንምጣ። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ በ25ኛውና በ30ኛው ዓመተ ሒጅራ መካከል (645-651) ሁዘይፋ ኢብኑል የማን ከአርመንያና ከአዘርባጃን ዘመቻ ሲመለስ ሠራዊቱ በቁርኣን አቀራር ሲወዛገብ ማየቱን ለኸሊፋው ተናገረ። ዑስማን ከሐፍሳ ዘንድ የነበረውን አስመጥተው እንዲገለበጥ አዘዙ። አራት ሰዎች ተመደቡ፡- ዘይድ፣ ዓብደላህ ኢብኑ ዙበይር፣ ሰዒድ ኢብኑል ዓስና ዓብዱረሕማን ኢብኑል ሓሪስ። ሦስቱ ቁረይሾች ናቸው፤ ዘይድ ብቻ አንሷር። ዘይድና ሦስቱ በአጻጻፍ ከተለያዩ በቁረይሽ አነጋገር እንዲጻፍ ታዘዘ። ታቡት የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ተለያዩ፤ ዘይድ በሃ ፊደል፣ እነሱ በታ ፊደል አሉ። ኸሊፋው በቁረይሽ እንዲጻፍ ወሰኑ፤ በታም ተጻፈ። ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሆኖም በዚህ የሱ ቃል አላለፈም።

ሙስሐፉ ወደየከተማው ተላከ፤ ሌላው እንዲቃጠል ታዘዘ። ኩፋ ሲደርስ ዓብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ተቃወሙ። እኚህ ሰው እነማን ናቸው? እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ፣ ካዕባ አጠገብ ቁርኣንን ጮክ ብለው ቀርተው የተደበደቡ፣ ወደኛው አገር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ውስጥ የሚቆጠሩ፣ ነቢዩ ቁርኣን ከሳቸው ይወሰድ ካሏቸው አራቱ የመጀመሪያው ናቸው። ከነቢዩ አንደበት ሰባ ከሚበልጡ ሱራዎች ሲቀበሉ ዘይድ ገና ጸጉሩን ሁለት ቁንጮ ተሠርቶ ከልጆች ጋር የሚጫወት እንደነበር ተናገሩ። እውነት ነው፤ ነበር። ታዲያ ከዚህ ሥራ እሳቸው እንዴት ይቀራሉ?

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ዘለው ያልፉታል። መዝለሉ ለኢብኑ መስዑድም ሆነ ለዘይድ ክብር የሚጨምር አይመስለኝም። ዑለማዎች ምክንያቱን ዘርዝረዋል፤ ሥራው መዲና ላይ በአስቸኳይ የሚሠራ ሲሆን ኢብኑ መስዑድ ኩፋ ነበሩ፤ በአቡበክር ዘመን የሰበሰበውም፣ ጽሑፉን ፊደል በፊደል የሚያውቀውም ዘይድ ነበር። ይህ በቂ ምክንያት ነው። ቢሆንም በቂ ምክንያት የታላቅን ሰው ቅሬታ ሐሰት አያደርገውም። ኢብኑ መስዑድ በቁርኣን ከዘይድ ይቀድማሉ፤ ሥራው ግን የዘይድ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። በዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። የተመረጠው እኔ እበልጣለሁ ማለት ነው ይላል፤ ያልተመረጠው ደግሞ የተመረጠው አይገባውም ለማለት ይቸኩላል። ኢብኑ መስዑድ ኋላ የሶሓቦችን ስምምነት መቀበላቸው ተዘግቧል። በ32ኛው ዓመተ ሒጅራ አርፈው በመዲና በበቂዕ ተቀበሩ። ደግሞም የኩፋ ቂራኣ ትውልድ ሲቆጠር ስማቸው አልጠፋም፤ አብዛኛው የዓለም ሙስሊም ዛሬ የሚቀራበት የሐፍስ ቂራኣ የሚተላለፈው ከኩፋው ሊቅ ከዓሲም ነው፤ ከዓሲምም ሰንሰለቶች አንዱ ኢብኑ መስዑድ ዘንድ ይደርሳል። ጽሕፈቱ በዘይድ እጅ፣ ንባቡ ኢብኑ መስዑድንም በሚጨምር ሰንሰለት በየቤታችን ይገኛል።

የውርስ ሕግ ለዘይድ እስከ መጨረሻው ቀረለት። ብዙዎቻችን የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ በውርስ ጉዳይ ያተኮረው በዘይድ አቋም ላይ ነው። ይህ ሰው የማያጨበጭብለት እውቀት ነው፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያሉ የሟችን ንብረት ማካፈል። ወንድማማቾች ሲጣሉ ግን ዋጋው ይታወቃል። በአያትና በወንድሞች ድርሻ ከሱ ጋር አጥብቆ የተለያየው የነቢዩ የአጎት ልጅ ዓብደላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ነው። ኢብኑ ዐባስ አያት ልክ እንደ አባት ወንድሞችን ከውርስ ያስወጣል ሲል ዘይድ ያካፍላቸዋል። በዚህ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

ዘይድ ከአንድ ጀናዛ ሲመለስ በቅሎው ቀርቦለት ሊወጣ ሲል እርካቡን የያዘለት ይኸው ኢብኑ ዐባስ መሆኑ ይዘገባል። ዘይድ የነቢዩ የአጎት ልጅ እንዲህ ማድረጉን አልወደደም፤ እንዲተው ለመነው። ኢብኑ ዐባስ ዑለማን በዚህ ዓይነት እንዲያከብሩ መታዘዛቸውን ገለጸለት። ዘይድም እጁን እንዲሰጠው ጠይቆ ሳመው፤ የነቢዩን ቤተሰብ ደግሞ በዚህ ዓይነት እንዲያከብሩ መታዘዛቸውን ነገረው።

አብዛኞቹ እንደሚሉት ዘይድ ያረፈው በ45ኛው ዓመተ ሒጅራ (665) መዲና ውስጥ ነው። የጀናዛ ሶላቱን ያሰገደው የከተማዋ ገዥ መርዋን ነበር። ልጁ ኻሪጃ ኋላ ከሰባቱ የመዲና ፉቀሃዎች አንዱ ሆኗል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዚያ ቀን የኡመቱ ሊቅ መሞቱን ተናግረው አላህ ኢብኑ ዐባስን ይተካው ዘንድ ተመኙ። ቀብሩ እንዳለቀ ኢብኑ ዐባስ በጥላ ሥር ተቀምጦ ወደ መቃብሩ አመለከተና እውቀት የሚሄደው እንደዚህ መሆኑን፣ በዚያን ቀን ብዙ እውቀት እንደተቀበረ ለሰዎቹ ነገራቸው።